ቢራው ፈልቶ ጨርሷል ወይስ ገና ነው? ለድሬዳዋና ለሐረር የቤት ጠማቂዎች የመመርመሪያ ዘዴዎች ንጽጽር

ቢራ በቤቱ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጀሪካኑ ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ዛሬ ጠርሙስ ውስጥ ላሽገው ወይስ ልቆይ? መልሱ ከተሳሳተ ጣጣው ከባድ ነው። ስኳር የቀረው ቢራ ሲታሸግ እርሾው ሥራውን ጠርሙሱ ውስጥ ይቀጥላል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል። የሚፈነዳ ጠርሙስ ዓይን ያጠፋል።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህ ስጋት የለባቸውም። ጋን እንደ ቢራ ጠርሙስ በቆርኪ አይታሸግም፤ ያልጠራውም በጉሹ ይጠጣል። በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ የመለየት ችሎታቸው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ያ ችሎታ ግን ለጋን የዳበረ እንጂ ለታሸገ ጠርሙስ የዳበረ አይደለም። ስለዚህ ቢራ ለማሸግ ያሰበ ሰው ሌላ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በየቦታው የሚሰጠው ምክር ደግሞ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱ «ቡልቅታው ሲቆም አሽግ» ይላል፣ ሌላው «ሃይድሮሜትር ከሌለህ አትጥመቅ» ይላል።

አንድ የቃል ጉዳይ እናጥራ። በአማርኛ እሳት ላይ ያለውም እርሾ የሚያብላላውም «ፈላ» ነው። እንዳይምታታ እዚህ እሳት ላይ ያለውን መንተክተክ፣ የእርሾውን ሥራ መፍላት እንለዋለን። ከብቅሉ ተጨምቆ እርሾ ያልገባበትን ጣፋጭ ውሃ ደግሞ የብቅል ጭማቂ እንለዋለን።

## በምን እንመዝናቸው?

ዋናው መለኪያ ይህ ነው፦ ዘዴው «እየፈላ ነው» ብቻ ነው የሚለን ወይስ «ጨርሷል» ብሎም ሊነግረን ይችላል? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣውም የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ከመጠቀም ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ይመጣል። ከሰዓት በኋላ 34 ዲግሪ የሚደርስ ክፍል መሣሪያውን ምን ያህል ያሳስተዋል? ከዚያ ለምርመራ የሚባክነው ቢራ አለ፤ 20 ሊትር ለጠመቀ 150 ሚሊ ሊትር ምንም አይደለም፣ 4 ሊትር ለጠመቀ ግን ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ከአሥር እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ሆፕ (ለቢራ መራራነትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ሲጨመር መሣሪያው ይታለላል ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ መለኪያ ነው። ዋጋን ሆን ብለን መጨረሻ አስቀምጠነዋል፤ ከሁሉም ርካሹ ዘዴ ከሁሉም ውድ መሣሪያ የሚሻልበት ቦታ አለና።

## ሁለቱ ከተሞች አንድ አይደሉም

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። በደንገጎ ዳገት ሲወጡ የሚለወጠው አየር ቢራውንም ይለውጠዋል። የተለመደው የኤል ቢራ እርሾ የሚወደው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይህ በሐረር፣ በተለይ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በሆነ ቤት፣ ያለ ብዙ ድካም ይገኛል። ድሬዳዋ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የማይታሰብ ነው። እርሾው ሲሠራ ራሱም ሙቀት ስለሚያመነጭ የጀሪካኑ ውስጥ ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ጀሪካኑን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል በደረቅ አየር ጥሩ ያበርዳል፤ ክረምት ላይ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን ውጤቱ ይቀንሳል። ለድሬዳዋ ሙቀትን የሚችል እርሾ፣ ለምሳሌ ከ30 እስከ 38 ዲግሪ በደስታ የሚሠራውን የኖርዌይ ክቬይክ፣ ማግኘት ከማቀዝቀዣ ወጪ ያድናል።

ለምርመራው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ድሬዳዋ ላይ ፈጣን የሆነው መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። በሁለት ቀን አረፋው ወርዶ የተረጋጋ የሚመስል ቢራ ገና ለቀናት ሊፈላ ይችላል።

## ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ

መፍላት መጀመሩን ለማወቅ የሚበልጣቸው የለም። እርሾው በገባ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ላዩ በአረፋ ይሸፈናል፤ አረፋው ከፍ ብሎ የዕቃውን ጎን በቡናማ ቅሪት ይቀባል፣ ከዚያ ይወርዳል። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ለአንድ ሁለት ቀን ቢመጣ አትደንግጡ፤ እርሾው የሚለቀው ነው፣ ከጋዙ ጋር ይወጣል። የኮምጣጤ ሽታ ግን መቆምጠጥ ነው፤ አይመለስም።

ማለቁን ግን አይነግሩም። የሆፕ መራራነት ጣፋጩን ስለሚሸፍነው ብዙ ስኳር የቀረበትን ቢራ ካለቀለት በምላስ መለየት እጅግ ያስቸግራል። በዚያ ላይ ለማየት ክዳን በተከፈተ ቁጥር አየርና ትንንሽ ዝንቦች ይገባሉ፤ የሚያቆመጥጠውን ተህዋስ ከሚያመጡት አንዱ ዝንብ ነው።

## ኤርሎክና የቱቦ ቡልቅታ

የተገዛ ኤርሎክ ከሌለ ከጀሪካኑ ክዳን የወጣ ቱቦ ውሃ በያዘ ሃይላንድ ውስጥ ቢጠልቅ ያው ነው። ሥራው ጋዝ ማስወጣትና አየር መከልከል ነው፤ ለዚህ ሁሉም ቤት ሊኖረው ይገባል። መለኪያ ግን አይደለም፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይዋሻልና።

ክዳኑ በትንሹ ካሾለከ ጋዙ በዚያ ይወጣል፤ ቢራው በኃይል እየፈላ ቱቦው ዝም ይላል። በተቃራኒው ፈልቶ የጨረሰ ቢራ ጠዋት 26 ዲግሪ የነበረው ከሰዓት 33 ሲደርስ በውስጡ የሟሟ ጋዝ ይለቃል፣ በላዩ ያለው አየርም ይሰፋል፤ ቱቦው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ ውሃው ተንተክትኮ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ቱቦውም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይጥለቅ። ድሬዳዋ ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚተን በየሁለት ቀኑ ጨምሩ። የሆፕ ቅጠል ቱቦውን ከደፈነው ክዳኑ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ሁሉ ቢራ ይሆናል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወፍራም ቱቦ ተጠቀሙ።

## ሃይድሮሜትር

ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካ የመስታወት ተንሳፋፊ ነው። ስኳር ፈሳሹን ያከብደዋል፣ አልኮል ያቀልለዋል፤ ስለዚህ ቢራው ሲፈላ ቁጥሩ ይወርዳል። ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው። መካከለኛ ቢራ ከ1.048 ጀምሮ 1.010 አካባቢ ይቆማል። የአልኮሉ መጠን የሁለቱ ልዩነት ሲባዛ በ131 ነው፦ 0.038 በ131 ሲባዛ 5 በመቶ ገደማ ይሰጣል። እያንዳንዷን 0.001 «ነጥብ» እንበላት።

ለምን አንድ ነጥብ እንኳ ዋጋ እንዳላት ልብ በሉ። ጋዝ እንዲይዝ ሲታሸግ በሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ይጨመራል። 1.014 ላይ ጨርሷል ብላችሁ ያሸጋችሁት ቢራ ጠርሙስ ውስጥ እስከ 1.010 ቢወርድ፣ ሳታውቁ በሊትር 8 ግራም ያህል ተጨማሪ ስኳር አብራችሁ አሽጋችኋል ማለት ነው። ጠርሙስ የሚፈነዳው እንዲህ ነው።

ስሕተቶቹ የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ ሙቀት፦ አብዛኞቹ የሚያነቡት ለ20 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዶቹ ለ15.6 ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ እዩ። የ20ውን በ25 ዲግሪ ስታነቡ 1 ነጥብ፣ በ30 ዲግሪ ከ2 እስከ 3፣ በ35 ዲግሪ 4 ነጥብ ጨምሩ። ይህን የማያውቅ ድሬዳዋ ያለ ጠማቂ ጠዋት በ27 ዲግሪ አንብቦ ከሰዓት በ33 ቢያነብ ሁለት ነጥብ ገደማ የወረደ ይመስለዋል፤ ቢራው ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሁሌም በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ማለዳ አንብቡ። ቴርሞሜትሩ የወጥ ቤት ይሁን፤ የሕመም ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያነብ አይጠቅምም።

ሁለተኛ ጋዝ፦ ያልተራገፈ ናሙና ውስጥ አረፋዎች መሣሪያው ላይ ተጣብቀው ወደ ላይ ያነሡታል፣ ቁጥሩም ከእውነቱ በላይ ይሆናል። በሁለት ብርጭቆ መካከል አሥር ጊዜ ያህል አገላብጡት፣ መሣሪያውን አሽከርክሩት፣ ከዚያ ፈሳሹ በመስታወቱ ጎን ከሚወጣበት ሳይሆን ከጠፍጣፋው ደረጃ አንብቡ። ሦስተኛ አተላ፦ ጉሽ የሆነ ናሙና ተንሳፋፊውን ይይዘዋል፤ በጨርቅ አጣሩት። የቀዳችሁትን ወደ ጀሪካኑ አትመልሱ፤ ቅመሱት። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ በ20 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሞከር፤ 1.002 ካለ ከእያንዳንዱ ንባብ ሁለት ነጥብ ይቀነስ።

ፍርዱ፦ በ48 ሰዓት ልዩነት የተነበቡ ሁለት ቁጥሮች እኩል ከሆኑና ከተጠበቀው መጨረሻ አጠገብ ከሆኑ ጨርሷል። እኩል ሆነው 1.020 ላይ ከቆሙ ግን አልጨረሰም፣ ቆሟል። ጀሪካኑን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና የተኛውን እርሾ ቀስቅሱት፤ ሐረር ላይ ከሆነ ደግሞ ሞቅ ወዳለ ቦታ ውሰዱት።

## ሪፍራክቶሜትር

ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አይቶ ስኳሩን የሚለካ መሣሪያ ነው። ሁለት ጠብታ ብቻ ይበቃዋል፤ ጠብታዋም ወዲያው ስለምትቀዘቅዝ የሙቀት ስሕተቱ ትንሽ ነው። የብቅል ጭማቂ ለመለካት ከሁሉም የሚመች ነው። አልኮል ሲገባበት ግን ያሳስታል። በ12 ብሪክስ (ከመቶው ስንት እጅ ስኳር እንደሆነ የሚናገር መለኪያ) የጀመረ ቢራ 1.010 ላይ ሲደርስ ሪፍራክቶሜትሩ 6 ብሪክስ ገደማ ያሳያል፤ ብሪክስን ወደ ሃይድሮሜትር ቁጥር የሚቀይረውን ሰንጠረዥ ብቻ የሚያይ ሰው 1.024 ነው ብሎ «ቆሞብኛል» ይላል፣ ያለቀለት ቢራ ላይ ሌላ እርሾ ይጨምራል። በማስተካከያ ስሌት ማረም ይቻላል። ያለ ስሌትም ቢሆን ቁጥሩ ለሦስት ቀን ካልተንቀሳቀሰ መቆሙን ያሳያል፤ የት እንደቆመ ግን አይነግርም።

## ሚዛን

ይህ ዘዴ የሚገባውን ያህል አይታወቅም፤ እኛ ግን ለድሬዳዋ በጣም እንወደዋለን። እርሾ ስኳሩን አልኮልና ጋዝ ያደርገዋል፣ ጋዙ በቱቦው ይወጣል፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ይቀልላል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ አልኮል ከአንድ ሊትር 7.5 ግራም ያህል ይወጣል። 20 ሊትር ቢራ 5 በመቶ ሲደርስ 750 ግራም ያህል ይቀንሳል። ክዳን አይከፈትም፣ ጠብታ አይባክንም፣ የሙቀት ማስተካከያ የለም።

ወሳኙ የሚዛኑ ትንሿ እርምጃ ናት። በ20 ሊትር ላይ አንድ ነጥብ 20 ግራም ያህል ነው። በ5 ወይም በ10 ግራም የሚቆጥር የሱቅ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይበቃል፤ በ100 ግራም የሚቆጥር ግን አምስት ነጥብ እስኪወርድ ዝም ስለሚል ጥቅም የለውም። 3 ሊትር በፕላስቲክ ዕቃ ለሚጠምቅ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን ፍጹም ነው፤ ከ110 ግራም ያላነሰ ቅናሽ በ1 ግራም እርምጃ ያሳያል።

የሚያበላሸው መዘንጋት ነው። የቀዳችሁትን ናሙና፣ የጨመራችሁትን ሆፕ፣ ኤርሎኩ ላይ የሞላችሁትን ውሃ ካልጻፋችሁ ሒሳቡ ይፋለሳል። እርጥብ ጆንያውን ሳታወልቁ፣ ጎኑን ሳታደርቁ ብትመዝኑም እንዲሁ። አፉ ክፍት በሆነ ጋንም አይሠራም፣ ውሃው ራሱ ይተናልና። ጀሪካኑን ለመመዘን ሱቅ ድረስ ተሸክሞ መሄድ ደግሞ አተላውን በጥብጦ አየር ያስገባል፤ ሚዛኑ ወደ ቢራው ይምጣ።

## የጎን ሙከራ

መጨረሻው ስንት ላይ እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር ይህ ብቻ ነው። ከብቅል ጭማቂው 300 ሚሊ ሊትር በንጹሕ ጠርሙስ ቀንሱ፣ ለመጠኑ ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ እርሾ ጨምሩ፣ አፉን በላላ ክዳን ሸፍናችሁ ሞቃት ቦታ አኑሩ፣ ስታልፉ ስታገድሙ ወዝውዙት። ቀዝቃዛ አገር ያለ ጠማቂ ለዚህ ማሞቂያ ይገዛል፤ ድሬዳዋ ላይ የቁም ሣጥን አናት ይበቃል። በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሳል፤ እዚያ የተነበበው ቁጥር ትልቁ ጀሪካን መድረስ ያለበት ቁጥር ነው። ንባቡን የሚሰጠው ግን ሃይድሮሜትር ስለሆነ ብቻውን አይቆምም።

## የማይሆኑ መሣሪያዎች

«አልኮል መለኪያ» ተብሎ የሚሸጠው ለአረቄ ነው፤ ስኳር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ትርጉም የለውም። የወተት መለኪያው ላክቶሜትር የሚያነበው ከ1.015 እስከ 1.040 ነው፤ የቢራው መጨረሻ ከዚያ በታች ነው። የመኪና ባትሪ መለኪያ ከ1.100 ይጀምራል፣ አሲድም ነክቶታል፤ ወደ ምግብ ፈጽሞ አይቅረብ።

## ሆፕና ጌሾ ንባቡን እንዴት ያዛባሉ?

ቢራው ቀዝቅዞ ለመዓዛ የሚጨመረው ሆፕ ሁለት ነገር ያደርጋል። እንደገባ የሟሟውን ጋዝ ያስለቅቃል፤ አረፋው ገንፍሎ ሊወጣ ይችላል፣ ቱቦውም እንደ አዲስ ይቡለቀለቃል። ይህ መፍላት አይደለም። ሁለተኛው ግን እውነተኛ መፍላት ነው፦ ሆፕ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች እርሾው የማይበላውን ትልቅ ስኳር ወደሚበላው ይሰብሩታል፣ ጨርሶ የነበረ ቢራ እንደገና ይጀምራል። ነገሩ ከ1893 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ከሐረር ይልቅ የድሬዳዋ ችግር ነው። ሆፕ ከጨመራችሁ በፊት የነበረውን ንባብ ጣሉት፤ ቆጠራውን ሆፑ ከወጣ በኋላ ከአዲስ ጀምሩ።

ከቅርጹ አንጻር እንክብል ሆፕ ቦታ አይፈጅም፣ ከሙሉ አበባው በተሻለም ይቆያል፣ ግን ተበትኖ ቱቦ ይደፍናል። ሙሉ አበባ ይንሳፈፋል፣ ብዙ ቢራም ይመጥጣል። ሁለቱንም በተንተከተከ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሮ ብይ በክብደትነት መክተት ይሻላል። መጠኑ በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም፣ ለሦስት ቀን ይበቃል። አያያዙን አትናቁ፦ ሆፕ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት በእጥፍ ይጨምራል፤ 35 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ 5 ዲግሪ ላይ ካለው በአራት እጥፍ ይረክሳል ማለት ነው። አየሩን አውጥታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩ፤ ስታወጡም ከረጢቱ ሳይሞቅ አትክፈቱ፣ እርጥበት ይይዛል። የአሮጌ አይብ ሽታ ያመጣውን ጣሉ፤ ሆፕ ውሻን ሊገድል ስለሚችል ተረፈ ምርቱንም ውሻ ከሚደርስበት አርቁ።

ለመራራነት የሚንተከተከው ሆፕ ላይ ከፍታው ይታሰብ። ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚንተከተክ ከሆፑ የሚወጣው መራራነት ያነሰ ነው፤ ሐረር ላይ ሆፑን ከ10 እስከ 20 በመቶ ጨምሩ ወይም 15 ደቂቃ አርዝሙ።

ጌሾ ርካሽ ነው፣ ቅመም ከሚሸጥበት ገበያ ሁሉ ይገኛል። ነገር ግን መራራነቱ እንደ ሆፕ ማሸጊያው ላይ በቁጥር አልተጻፈም፤ ጥሬውን ሲገባም የራሱን እርሾና አሲድ ሠሪ ተህዋስ ይዞ ይመጣል። ለጠላ ይህ በረከት ነው። ለታሸገ ቢራ ግን አደጋ ነው፤ እነዚህ ተህዋሳት የቢራ እርሾ የተወውን ስኳር ሊቀጥሉበት ይችላሉና። ለማሸግ ካሰባችሁ 10 ግራም ደረቅ ቅጠል በ1 ሊትር ውሃ 20 ደቂቃ አንተክትኩ፣ አጣሩ፣ አንድ ብርጭቆ ቢራ ላይ በማንኪያ እየለካችሁ የሚጥማችሁን መጠን ካገኛችሁ በኋላ ለሁሉም አባዙት።

## በአንድ ገጽ

| ዘዴ | «እየፈላ ነው» ይላል? | «ጨርሷል» ይላል? | የሙቀት ስሕተት | የሚባክን ቢራ | ሆፕ ሲጨመር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ዓይንና ምላስ | አዎ | አይልም | ትንሽ | ትንሽ | ይታለላል | የለም |
| ኤርሎክ ወይም ቱቦ | አብዛኛውን ጊዜ | አይልም | ትልቅ | የለም | በጣም ይታለላል | በጣም ትንሽ |
| ሃይድሮሜትር | አዎ | አዎ፣ በሁለት ንባብ | እስከ 4 ነጥብ፣ ይታረማል | በአንዴ 100–200 ሚሊ ሊትር | አይታለልም | መካከለኛ |
| ሪፍራክቶሜትር | አዎ | በስሌት ብቻ | ትንሽ | ሁለት ጠብታ | አይታለልም | ከፍ ያለ |
| ሚዛን | አዎ | ከጎን ሙከራ ጋር አዎ | እጅግ ትንሽ | የለም | የሆፑ ክብደት ከተጻፈ አይታለልም | ቤት ካለ የለም |
| የጎን ሙከራ | አይልም | መጨረሻውን ይናገራል | የሃይድሮሜትሩ | 300 ሚሊ ሊትር | የሆፑን ለውጥ አያይም | እርሾ ብቻ |

## ለማን የትኛው?

ጠላ ወይም በጋን የሚጠጣ ያልታሸገ ቢራ ለሚጠምቅ ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ ዓይኑና ምላሱ ይበቁታል።

በትንሽ በጀት ከ3 እስከ 5 ሊትር እየጠመቀ ለሚማር ሰው የወጥ ቤት ሚዛን ይቅደም። ቁጥሩ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ካልቀነሰ፣ ከመነሻው የወረደውም ከላይ ካለው ስሌት ጋር ከተቀራረበ፣ በመስታወት ፋንታ ለስላሳ መጠጥ በነበረበት ፕላስቲክ ጠርሙስ አሽጉ። ጠርሙሱ በጣት ተጭኖ ድንጋይ ሲሆን ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይተንፈስ። የውሃ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

20 ሊትር ጠምቆ በመስታወት ለሚያሽግ ሃይድሮሜትር የግድ ነው፤ እንዲያውም ሁለት ይግዛ፣ አንዱ መሰበሩ አይቀርምና። የድሬዳዋ ነዋሪ ከሚዛን ጋር ቢያጣምረው ናሙና የሚቀዳው በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁለቴ ብቻ ይሆናል። ሐረር ላይ የሙቀቱ ስሕተት ትንሽ ስለሆነ ሃይድሮሜትሩ ብቻውን ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፣ ቢራው ሁለት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል።

ሪፍራክቶሜትር በየሳምንቱ ለሚጠምቅና የብቅሉን ጭማቂ እሳት ላይ እያለ ለሚለካ ሰው ይጠቅማል። እንደ መጀመሪያ መሣሪያ አንመክረውም።

ቀዝቅዞ ሆፕ የሚጨምር ደግሞ የትኛውንም መሣሪያ ቢይዝ፣ ሆፑ ከወጣ በኋላ ሦስት ንባብ በየ48 ሰዓቱ ይውሰድ፤ ሦስቱ እኩል ካልሆኑ አያሽግ።